ሾክዌቭ ለተረከዝ ሕመም፦ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ባሰብኝ፣ ልቀጥል ወይስ ላቁም?

መምህርቷ (ጠያቂ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አስተማሪ ነኝ። በቀን 6 ክፍለ ጊዜ ቆሜ አስተምራለሁ። ቀኝ ተረከዜን ካመመኝ 11 ወር ሆነ። የሚብሰው ጠዋት ነው። ከአልጋ ወርጄ መሬት ስረግጥ ሚስማር ላይ የቆምኩ ያህል ይወጋኛል። መታጠቢያ ቤት የምደርሰው ግድግዳ ተደግፌ፣ በእግሬ ጣቶች እየረገጥኩ ነው። ሰውነቴ ሲፍታታ ይለቀኛል። ቁጭ ብዬ ደብተር ሳርም ቆይቼ ብድግ ስል ግን እንደገና ይጀምረኛል።

ሐኪም በአልትራሳውንድ አይቶ ፕላንታር ፋሺያይቲስ ነው አለኝ። ከተረከዝ አጥንት ተነስቶ በውስጥ እግር በኩል እስከ ጣቶች የሚዘረጋው ጠንካራ ጅማት ወፍሯል። ጤነኛው ከ4 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፣ የኔ 6.1 ነው። ራጅ ስነሳ ደግሞ ተረከዜ ላይ ትንሽ የአጥንት ሹል ታየ። ክኒን ዋጥኩ። ጫማዬ ውስጥ ለስላሳ ሲሊኮን አደረግሁ። ከ4 ወር በፊት የስቴሮይድ መርፌ ተወጋሁ። 5 ሳምንት እፎይ አልኩ፤ ከዚያ ሕመሙ ተመልሶ መጣ።

አሁን ሾክዌቭ ታዘዘልኝ። በሳምንት አንድ ቀን፣ 3 ጊዜ። የመጀመሪያው ባለፈው ማክሰኞ ተደረገልኝ። በሆዴ አስተኙኝ፣ ተረከዜን ጄል ቀቡት፣ ሽጉጥ የሚመስል መያዣ ያለው ነገር ደገኑበት። ድምፁ ታ-ታ-ታ-ታ እያለ ክፍሉን ሞላው። ሕመሙ አጥንቴ ድረስ ገባ። የአልጋውን ጠርዝ ጨብጬ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። ሠራተኛው የነገረኝ «ትንሽ ያማል፣ ታገሺ» የሚለውን ብቻ ነው። ሲያልቅ ጄሉን በወረቀት ጠርጎ በሩን አሳየኝ። ምን ላድርግ፣ ምን ልተው፣ አንድም ነገር አልሰማሁም።

ረቡዕና ሐሙስ እግሬን መርገጥ አቃተኝ። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ወደ ቀድሞው ሕመም ተመልሷል፤ ከዚያ ግን አልተሻለም። ይህ ነገር ምንድን ነው የሚሠራው? ሹሉን ነው የሚሰብረው? መባሱስ ጤነኛ ነው? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ። ማክሰኞ ልሂድ ወይስ ልቅር?

ፊዚዮው

እህቴ አይዞሽ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ በዚህ መሣሪያ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። በመጀመሪያ ያሳዘነኝን ልናገር። ምን እንደሚደረግልሽ ሳይነገርሽ አልጋው ላይ መውጣት አልነበረብሽም። የዚህ ሕክምና ግማሹ ማሽኑ ነው። ሌላው ግማሽ ታካሚው ቤቱ ገብቶ የሚያደርገው ነው። እሱን ሳይነግሩ መሸኘት ሥራውን ግማሽ መንገድ ላይ መተው ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «ሾክ» ሲባል ብዙ ሰው ኤሌክትሪክ ይመስለዋል። ኤሌክትሪክ ወደ ሰውነትሽ አልገባም። የገባው የግፊት ሞገድ ነው፣ የድምፅ ዘመድ። ታ-ታ ሲል የሰማሽው ድምፅ ምን እንደሆነ ልንገርሽ። በመያዣው ውስጥ ትንሽ ብረት አለች። የታመቀ አየር እየተኮሰ ከፊቷ ካለው ጫፍ ጋር ያጋጫታል። ጫፉ ቆዳሽ ላይ ስለሆነ ግጭቱ በጄሉ አልፎ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ይህ ራዲያል የሚባለው ዓይነት ነው። ኃይሉ ቆዳ ላይ ይበረታል፣ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር እየተበተነ ይደክማል። 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢወርድ ነው። ለተረከዝ ይበቃል። ሌላው ፎከስድ ይባላል። እሱ ሞገዱን ቆዳ ሥር ያለ አንድ ነጥብ ላይ ይሰበስበዋል፤ ጠለቅ ላለ ቦታ ይመረጣል።

ነገሩ የመጣው ከኩላሊት ጠጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ጀርመን ሙኒክ ውስጥ የአንድን ሰው የኩላሊት ጠጠር ያለ ቀዶ ሕክምና፣ ከውጭ በሞገድ አደቀቁት። መሣሪያውን የሠራው ዶርኒየር የተባለው የአውሮፕላን ፋብሪካ ነበር። ከዚያ ሞገዱ በሚያልፍበት መንገድ ያለ አጥንት ላይ ለውጥ ታየ። አጥንትን ከቀሰቀሰ ያልገጠመ ስብራትንስ? ጅማትንስ? ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለተረከዝ ሕመም ፈቀደው።

ሰው ታሪኩን ሲሰማ «ጠጠር ከሰበረ የኔንም ሹል ይሰብራል» ይላል። አይሰብርም። ሹሉ ከሕክምናው በኋላም እዚያው ይኖራል። መኖሩም አያስጨንቅሽ፤ ሹል እያላቸው አንድ ቀን ተረከዛቸውን አሟቸው የማያውቁ ብዙ ናቸው።

ታዲያ ምን ይሠራል? 11 ወር ያመመ ጅማት ትናንት እንደተቀጨ ጅማት አይደለም። ትኩስ ጉዳት ሲሆን ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ሰውነት ይሯሯጣል፣ ይጠግናል። ያንቺ ግን ጥገናው ተጀምሮ መሃል ላይ ቆሟል። የጅማቱ ክሮች ተሰልፈው መተኛት ሲገባቸው ተወሳስበዋል። ክኒኑ ብዙም ያልረዳሽ ለዚህ ይመስለኛል፤ ክኒኑ የሚያጠፋው እሳት በብዛት የለም። ሞገዱ እነዚያን የተኙ ሕዋሳት ይነቀንቃል። ሕዋስ መነቅነቁን ያውቃል፤ እድገት የሚያነሳሱ ንጥረ ነገሮችን ይለቃል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች መብቀል ይጀምራሉ። በሌላ በኩል ሕመም የሚያስተላልፉት የነርቭ ጫፎች ይደክማሉ። «ሰብስታንስ ፒ» የተባለው የሕመም መልእክተኛ ይቀንሳል። ይህን ያሳዩት በአብዛኛው የቤተ ሙከራና የእንስሳት ጥናቶች ናቸው። በሰው እግር ውስጥ የትኛው ምን ያህል ድርሻ እንዳለው እስካሁን ክርክር አለበት።

እንግዲህ የጥገናውን ሥራ ቀስቅሰሻል ማለት ነው። 2 ቀን መባሱ የተለመደ ነው። መቅላት፣ ትንሽ መበለዝም ያጋጥማል። ነገር ግን ድንገት «ጧ» ብሎ የተበጠሰ ነገር ከተሰማሽ፣ እግርሽ ከደነዘዘ፣ ወይም ባትሽ ካበጠ ማክሰኞን አትጠብቂ፣ ሐኪም ጋ ሂጂ።

እነዚህ ከሌሉ እኔ ብሆን እቀጥላለሁ። ግን ስትሄጂ አፍሽን ከፍተሽ ተናገሪ። ሕመሙ ከ10 ስንት እንደሆነ እየነገርሽው ግፊቱን ያስተካክል። እኔ በ1.5 ባር እጀምራለሁ፣ ታካሚው ሲለምደው ቀስ እያልኩ እጨምራለሁ። ነጥቡን ሳላገኝ ማሽኑን አላበራም። አውራ ጣቴን ከተረከዙ ሥር፣ በውስጠኛው ጎን፣ ትንሽ ወደ ፊት አድርጌ እጫናለሁ። ትክክለኛው ቦታ ላይ ስደርስ የታካሚው የእግር ጣቶች እኩል ይሰበሰባሉ። ያኔ በእስክሪብቶ ምልክት አደርጋለሁ። ከ2000 ምት ውስጥ የሚከብዱት የመጀመሪያዎቹ 500 ያህል ናቸው፣ ከዚያ ቦታው መደንዘዝ ይጀምራል። ማደንዘዣ መርፌ ግን አትቀበዪ። ማደንዘዣ ተወግተው የተደረገላቸው ሰዎች ውጤታቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ደግሞም ነጥቡን የምታሳዪን አንቺ ነሽ፤ ከደነዘዘ በምን እናውቃለን?

ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ በእነዚህ ሳምንታት ብትተዪ ይሻላል፤ የቀሰቀስነውን መልሶ እንዳያስተኛው ነው። ካመመሽ ፓራሲታሞል ይበቃል። ስቴሮይዱ 4 ወር ስላለፈው ችግር የለውም። 6 ሳምንት ሳይሞላው ቢሆን ኖሮ ቆይ እልሽ ነበር።

አሁን ያልነገሩሽ ግማሽ። ጠዋት መሬት ሳትረግጪ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጪ። የታመመውን እግር በሌላው ጉልበት ላይ አድርጊ። ጣቶችሽን ይዘሽ ወደ ላይ ሳቢ። በሌላው እጅሽ ውስጥ እግርሽን ስትነኪ ጅማቱ እንደ ክራር ክር ተወጥሮ ይሰማሻል። 10 ሰከንድ ያዢ፣ ልቀቂ። 10 ጊዜ። ይህን በቀን 3 ጊዜ።

ሁለተኛው ጉልበት ይጠይቃል። ፎጣ ጠቅልለሽ ደረጃ ላይ አድርጊና ጣቶችሽን እሱ ላይ አሳርፊ፤ ወደ ላይ ይቀለበሱ። ተረከዝሽ ከደረጃው ውጭ ይሁን። በ3 ሰከንድ ተነሺ፣ 2 ሰከንድ ቆዪ፣ በ3 ሰከንድ ውረጂ። 12 ጊዜ፣ 3 ዙር፣ አንድ ቀን እየዘለልሽ። በአንድ እግር ካቃተሽ በሁለቱ ጀምሪ። ቁጥሩ ቀላል እየሆነ ሲመጣ ክብደት ትጨምሪያለሽ። ማሽኑ ሕዋሱን ይቀሰቅሰዋል። ክሩን በየት አቅጣጫ እንደሚያሰልፈው የሚነግረው ግን ሸክሙ ነው።

ውጤቱን በ4ኛው ቀን አትፍረጂ። አዲስ ክር በሳምንት አይፈተልም። እኔ የምፈርደው ከመጨረሻው ቀን በኋላ 12 ሳምንት ሲሞላ ነው።

አናጢው

ልጄ፣ የወንድማችንን ቃል አከብራለሁ፤ ግን እኔን አልሠራልኝም። ሌላውም ወገን ይሰማ ብዬ ነው።

ዕድሜዬ 61 ነው። የቀኝ ክርኔ የውጭ ጎን አሞኝ ቴኒስ ኤልቦ ነው አሉኝ። ቴኒስ ተጫውቼ አላውቅም፣ ካቻቢቴ ሳዞር ነው የኖርኩት። 5 ጊዜ ሾክዌቭ ተደረገልኝ። በተደረገልኝ ማግስት ወደ ሥራዬ ተመልሼ እንደ ወትሮው መዶሻ ጨብጫለሁ። ከ4 ወር በኋላም የሻይ ኩባያ ሳነሳ ክርኔ ይከዳኝ ነበር። ያ ሁሉ ሕመም በከንቱ ሆነብኝ። በመጨረሻ ያዳነኝ አንድ ሌላ ባለሙያ ያስተማረኝ ነው፤ ትንሽ ክብደት ይዤ የእጄን አንጓ ቀስ አድርጌ ማውረድ። 5 ወር ፈጀብኝ። ስለዚህ ተስፋሽን በሙሉ ማሽኑ ላይ አትጣዪ።

ፊዚዮው

ጋሼ፣ ስለነገሩን እግዜር ይስጥልን። እርስዎ ያሉት ከጥናቶቹ ጋርም ይገጥማል። ለክርን እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ ጥቅሙ ትንሽ ነው ወይም የለም ብሎ ነው የደመደመው። ለትከሻ ጅማትም እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ብዙ ተስፋ የሚሰጥ አልነበረም። ተረከዝ ከእነዚህ የተሻለ ማስረጃ ካላቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ስለዚህ «ሾክዌቭ ይሠራል ወይ?» ተብሎ በደፈናው ሲጠየቅ ዝም እላለሁ። የት ቦታ፣ ለምን ያህል ጊዜ የቆየ፣ ምን ተሞክሮ ያልሆነ፣ ብዬ ነው የምጠይቀው።

አንድ ነገር ልጨምር። በማግስቱ መዶሻ መያዝዎ ጥፋትዎ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን 2 ቀናት ከከባድ ሥራ እንዲያርፉ መንገር የነበረበት ያ የሠራልዎት ሰው ነው።

የትከሻ ሰው

እኔ ደግሞ ተጠቅሜያለሁ፣ ግን ጉዳዬ ለየት ይላል። ትከሻዬ ጅማት ውስጥ ካልሲየም ተጠራቅሞ ነበር። ራጁ ላይ 14 ሚሊ ሜትር የሆነች ነጭ ነጠብጣብ ትታያለች። ሌሊት በዚያ ጎን መተኛት ካቆምኩ 1 ዓመት አልፎኝ ነበር። የተደረገልኝ ፎከስድ የሚባለው ነው፣ 3 ጊዜ። የመጀመሪያው ቀን ሌሊት እንባ አስወጥቶኛል። በ3ኛው ወር ራጅ ስነሳ ነጠብጣቧ ደብዝዛ እንደ ጭስ ሆናለች። ማሽኑ ነው ያጠፋት ወይስ ጊዜዋ ደርሶ ነው? ሐኪሜም አንዳንዱ በራሱ ይሟሟል ብሎኛል። እኔ ግን አሁን ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ አወርዳለሁ።

መምህርቷ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነፍሴ መለስ አለች። ፊዚዮው ወንድሜ፣ የጻፍከውን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ጋሼ፣ የእርስዎንም ልብ ብዬ ይዣለሁ።

ማክሰኞ ሄጄ ነበር። እንዳልከኝ አፌን ከፈትኩ። መጀመሪያ ሠራተኛው ቅር አለው። «ነጥቡ ይኸውና» ብዬ በጣቴ ሳሳየው ግን ጎንበስ ብሎ ተጫነው፤ ጣቶቼ ተሰበሰቡ። ባለፈው የመታው ከዚያ አንድ ጣት ያህል ወደ ኋላ ነበር! በዝቅተኛ ጀምሮ ቀስ እያለ ጨመረ። ያመኛል፤ ግን የአልጋውን ጠርዝ አልጨበጥኩም።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። አባቴ ይህን ሰምተው «ለኔም ጉልበት ይደረግልኝ» አሉ። ለልባቸው ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። ይቻላል?

ፊዚዮው

ነጥቡን አንድ ጣት መሳት ትልቅ ነገር ነው። ጎበዝ፣ ደግ አደረግሽ።

አባትሽ ግን ይቆዩ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ምቱ ውስጥ ለውስጥ ሊያደማ ይችላል። መድኃኒቱን ለዚህ ብለው በራሳቸው እንዳያቆሙት አደራ፤ ያ ከጉልበት ሕመም እጅግ ይከፋል። የልብ ሐኪማቸውን ሳያማክሩ ማንም ማሽን እንዳያስጠጋባቸው። ጉልበታቸውንም አስቀድሞ ሰው አይቶ ሕመሙ ከጅማት ይሁን ከመገጣጠሚያው ይለይላቸው። «ጉልበቴን» ማለት ብቻውን ምርመራ አይሆንም።

ይህን ለሚያነብ ሌላ ሰውም ልናገር። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ለሠራተኛው አስቀድመሽ ንገሪ፤ በሆድ፣ በወገብና በዳሌ አካባቢ ፈጽሞ አይደረግም። ካንሰር ባለበት ቦታ ላይ አይደረግም። ሞገዱ ሳንባን በሚያገኝበት አቅጣጫ አይደረግም። አጥንቱ ገና በማደግ ላይ ባለ ልጅ የእድገት መስመር ላይም እንዲሁ። ሰው አሳዝኖኝ «እሺ» ልል ስል እነዚህ ናቸው እጄን የሚይዙኝ።

ደግሞ ሁሉም የተረከዝ ሕመም አንድ አይደለም። ተረከዝን ከግራና ከቀኝ በመዳፍ ስትጨምቂው ኃይለኛ ሕመም ካለ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። የሚያቃጥልና የሚደነዝዝ ከሆነ ነርቭ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ሁለቱም ተረከዝ እኩል አሞ ጠዋት ወገብም ከተገተረ ሌላ ምርመራ ይፈልጋል። እነዚህን ሳይለዩ መምታት ጊዜ ያባክናል፤ የተሰነጠቀ አጥንት ላይ ሲሆንማ ጉዳት ነው።

መምህርቷ (ከ3 ወር በኋላ)

ቃል ስለገባሁ ተመለስኩ። ከመጨረሻው ሾክዌቭ 12 ሳምንት ሞላኝ።

እስከ 5ኛው ሳምንት ምንም ለውጥ አልነበረም። ልንገራችሁ፣ አልቅሻለሁም። በ6ኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ልጄ አለቀሰችብኝና ከአልጋ ዘልዬ ወረድኩ። አቅፌያት ሳሎን ደርሼ ነው ግድግዳውን እንዳልያዝኩ የገባኝ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ አንዳንዴ እየተመለሰ፣ ግን እየቀነሰ መጣ። ጠዋት ከ10 8 የነበረው አሁን 2 ነው። ባለፈው ሳምንት ፈተና ስጠብቅ 3 ሰዓት ሙሉ ቆሜ ዋልኩና ማታ 5 ደረሰ፤ በማግስቱ ግን ወረደ። አልትራሳውንዱ 5.0 ሚሊ ሜትር ይላል። ሐኪሙ ገና ወፍራም ነው አለ፣ እኔ ግን ደስ ብሎኛል።

የደረጃውን እንቅስቃሴ 4 ቀን ብቻ ነው ያመለጠኝ። አሁን በአንድ እግር 12 ጊዜ እነሳለሁ፣ 3 ዙር። ቀለለኝ። አባቴም ሐኪማቸውን አማከሩ። ሾክዌቩ ይቅርብዎ፣ የጭን ጡንቻ ማጠንከሪያ ይሥሩ ተባሉ። ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ሲዘረጉ እኔ እቆጥርላቸዋለሁ።

ፊዚዮው

እህቴ፣ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ነው ያነበብኩት። ቀኔን አሳመርሽልኝ።

12ቱ ከቀለለሽ ጊዜው ደርሷል። የጀርባ ቦርሳ አንገቺ፣ ውስጡ የሚከብድ ነገር ክተቺ። ከ10 በላይ መነሳት እስኪያቅትሽ ድረስ ክብደት ጨምሪ፣ 4 ዙር ሥሪ። 2 ሳምንት ቆይተሽ ወደ 8 አውርጂው፣ ዙሩን 5 አድርጊ። ያኛውን ጠዋት ጠዋት የምትስቢውንም አታቁሚ።

መምህርቷ

የሚከብድ ነገር ሞልቶኛል፤ ያልታረመ ደብተር ነው። ዛሬ በ20 ደብተር ሞከርኩ፣ 11 ጊዜ ተነሳሁ። ሐሙስ 5 እጨምራለሁ።